አዝማሪን ቀዘቀዝክ አትበሉት

አዝማሪን ደሃ በሉት፣ ይስቃል። ጠጪ በሉት፣ ዋንጫውን ዘርግቶ ቅዱልኝ ይላችኋል። ጨዋታህ ቀዘቀዘ ግን አትበሉት። ይህን የተማርኩት በጣልያን ጊዜ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ነው። ሳልማረው ብቀር ይሻለኝ ነበር።

አያ ቢተውና ሁለቱ ጓደኞቹ፣ ሁለት ማሲንቆና አንድ ከበሮ ይዘው ከደጀን እስከ ጉንደ ወይን ሠርግ ሲያሞቁ ያረጁ ናቸው። የጣልያኑ ሹም ደግሞ ሙዚቃ ወዳድ ሆኖ ተገኘ። ሰው ይሰቅላል፣ ዘፈን ይወዳል። ምን ታደርጉታላችሁ?

በዚያው ሳምንት የጎረቤታችንን የእትየ ጥሩነሽን ባል ገበያ መሃል ሰቅሎት ነበር። ለአርበኞች ስንቅ አቀበለ ተብሎ ነው። ያለቀሰለትም እንደሱ ይሰቀላል ተብሎ ተለፈፈ። እትየ ጥሩነሽ ደረቷን ሳትመታ ባሏን ቀበረች። እኛም በደረቅ ዓይናችን "እግዜር ያጥናሽ" ብለን ተመለስን። ክርስቲያን ሞቶ ሳይለቀስለት?

ቅዳሜ ማታ ሕዝቡ ሁሉ ለሙዚቃ ይውጣ ተባለ። ወጣን። አያ ቢተው ማሲንቆውን መገዝገዝ ሲጀምር እትየ ጥሩነሽ ከመሃላችን ብድግ ብላ "ተቀበል!" አለችው። መቼም አድማጭ ግጥም ከሰጠ አዝማሪ ተቀብሎ ማዜም አለበት።

"ማጭድህን ስለህ ሰቅለኸው ግድግዳ፣
ጤፉ ደረሰልህ፣ ምነው ቀረህ ሜዳ!"

ተቀበለ። ደጋግሞ ተቀበለ። ከዚያማ ማን ይቻለን! ወንድ ሴቱ ተንሰቀሰቀ። ሹሙ ምን አለች ብሎ ሲጠይቅ ያገራችን ልጅ የሆነው አስተርጓሚ "የአጨዳ ዘፈን ነው ጌታዬ" አለው። ሹሙ ቆሞ አጨበጨበ። እርጉም፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር! ለሚመጣው ቅዳሜም ይደገም አለ።

ተደገመ። እኛ ግን ለቅሷችንን አውጥተናል፤ ዝም ብለን ተቀመጥን። ሹሙ ተቆጣ። ይህ ሽማግሌ ዛሬ ምን ነካው፣ ጨዋታው ቀዝቅዟል በሉልኝ አለ።

ስንቱን ችሎ የኖረው አያ ቢተው ይህቺን አልቻላትም።

"እኔ አልቀዘቀዝኩም! ያለፈው ቅዳሜ የሚለቀስለት ሬሳ ነበራ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አስተርጓሚው በዚህ ጊዜ እንዳለ ተረጎመው። ፈርቶ ይሁን ተንኮል ይዞት፣ እግዜር ይወቅ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ሬሳ አላጣንም። ያጣነው የአያ ቢተውን ማሲንቆ ነው።