ለእትዬ እጅ ቅባት የመረጠው ኮሚቴ

ጽሕፈት ከተፈጠረ ወዲህ እንዲህ ጥርት ያለ ቃለ ጉባኤ ተጽፎ አያውቅም። ቢያንስ፣ እኔ የማታ ትምህርት ጨርሼ ብዕር ከያዝኩ ወዲህ አልተጻፈም፤ እሱም አራት ወሩ ነው።

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ውርጩ መስኮቱን ባነጣበት ጧት፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ።
ቦታ፦ የልብስ ማጠቢያው የካውያ ክፍል፤ ሌላው ክፍል አያስቀምጥም።
የተገኙ፦ ኃላፊው በሰብሳቢነት፣ የካውያው ባለሙያ፣ የቦይለሩ ባለሙያ፣ አጣቢዋ እትዬ፣ እኔ ዘበኛው በጸሐፊነት። የቀረ ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የእትዬ እጅ
በብርዱና በሳሙናው እጃቸው ተሰነጣጥቆ፣ ትናንት ነጭ አንሶላ ላይ ደም መገኘቱ ተገለጸ። ሁለተኛ ከተገኘ እትዬ ከሥራ እንደሚሰናበቱ ሰብሳቢው በአክብሮት አሳወቁ። እትዬ «እሺ፣ ቅባቱን ስጡኝና ልሂድ፤ ልብስ ዘፍዝፌ ነው የመጣሁት» ቢሉም፣ ንግግሩ ከአጀንዳ ውጪ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ 2፦ ቅባቱ ውስጥ ምን ይግባ?
የካውያው ባለሙያ ግሊሰሪን ብቻውን ይበቃል አሉ። የቦይለሩ ባለሙያ ቫዝሊን ካልታከለበት እርጥበቱ በኖ እንደሚጠፋ፣ በእንፋሎት ጉዳይ ደግሞ ከእሳቸው በላይ ላሳር እንደሆነ ገለጹ። ሰብሳቢው ዩሪያ ደረቅ ቆዳ ያለሰልሳል ሲባል መስማታቸውን ቢናገሩ፣ የካውያው ባለሙያ «ጋሼ፣ ማዳበሪያ እኮ ነው! የእትዬ እጅ ማሳ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል፤ ይኸው ሰርዤዋለሁ።

የቦይለሩ ባለሙያ ሽቶ ይጨመርበት ብለው አንድ ድምፅ አገኙ፤ የራሳቸውን። እትዬ ሽቶ ቁስል ያቃጥላል ብለው ሲቃወሙ፣ «እርስዎ ተጠቃሚ ስለሆኑ ገለልተኛ አይደሉም» ተብሎ ድምፅ እንዳይሰጡ ተደረገ።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ግሊሰሪንና ቫዝሊን እዚያው በትንሽ ጣሳ ተቀላቅሎ በአባላት ላይ እንዲሞከር ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ
ጣሳው በሥልጣን ቅደም ተከተል ዞረ። ሰብሳቢው እስከ ክርናቸው ተቀቡ። የካውያው ባለሙያ ፊታቸውን ጨመሩ። የቦይለሩ ባለሙያ «ተረከዜስ የኮሚቴው አካል አይደለም?» ብለው ተከራክረው ረቱ። እኔም ለምስክርነት ያህል ተቀባሁ፤ ብዕሩ የሚያዳልጠኝ ለዚያ ነው። እትዬ ጋ ሲደርስ ጣሳው ባዶ ነበር።

ውሳኔ፦ የአብዛኛው አባል ቆዳ ለስልሶ በመገኘቱ፣ የድርቀት ችግር አለመኖሩ ተረጋግጧል። ስለዚህ እስካሁን የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። የስንብቱ ነገር ግን ማሳወቂያ እንጂ ውሳኔ ስላልነበረ እንደጸና ይቆያል። እትዬም ስቀው ተስማምተዋል። ስብሰባው አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ተበትኗል።

የጸሐፊው ማረሚያ፦ አንዲት ነገር ከራሴ ጨምሬአለሁ። እትዬ አልሳቁም። የጣሳውን ክዳን በጣታቸው ጠርገው ትልቁን ስንጥቅ ቀቡና፣ «ይቺንም ጻፋት» ብለውኝ ወደ ዘፈዘፉት ልብስ ተመለሱ።