በደከመ ድንጋይ የሰማነው ሮክ

ዘፈን የሚመርጥላችሁ ወዳጅ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ጌታሁን ነበረን፤ የፋብሪካ መካኒክ። እኛ የአንድ ሮክ ባንድ ስም ስንጠራ እሱ ሌላ ይጠራና፣ «ይህን ሳትሰሙ እንዳትሞቱ!» ይለናል። መሞቱስ በዚያ ጊዜ ቀላል ነበር፤ ካሴቱ ነው የሚቸግረው።

አንድ እሑድ እንደምንም አንድ አልበም አግኝቶ ጣና ዳር ይዞልን መጣ። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ደክሟል። አዲስ ከየት ይመጣል? እንደ ልማዳችን ፀሐይ ላይ አሙቀን ከፈትነው። ዘፋኙ እንደ አልቃሽ ድምፁን ይጎትታል።

«ልጅ ሞቶበታል» አልሁ።

«የለም፣ ለአገሩ ነው የሚያለቅስ» አለ ጌታሁን፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

ከዚያ ወዲያ ከዚያ አልበም የሚበልጥ ጠፋ። እሑድ በመጣ ቁጥር እሱን ከፍተን እንተክዛለን።

ኋላ ጌታሁን ለብሔራዊ ውትድርና ታፈሰ። መርዶው የመጣ ጊዜ፣ ለመታሰቢያው ብለን አዲስ ድንጋይ ፈልገን ካሴቱን ከፈትነው። ለካ ዘፈኑ የጭፈራ ኖሯል! ዘፋኙ ይቦርቃል፣ ከበሮው ያስዘልላል። እርስ በርስ ተያየን። ሳትሰሙ እንዳትሞቱ ያለን ሰው ሳይሰማው ሞቷል።

አዲሱን ድንጋይ አውጥቼ አሮጌውን መለስሁበት። ለቅሶ አይደል የተቀመጥነው?