ምስጥ ፈጀው ያልሁት ችግኝ

የእኛ አገር ሰው ስላለው ነገር ሲጠይቁት ስለሌለው ይነግርዎታል። ጎተራው እስከ አፉ ጢም ያለ የፎገራ ገበሬ አዝመራው እንዴት ነው ቢባል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ ምን አዝመራ አለና! እንዲያው ለነፍስ ያህል ነው» ይላል። ባለላሚቱም ስትጠየቅ «ነጥፋለች» ትላለች፤ ጥጃው ከኋላዋ አፉን የወተት አረፋ አልብሶ ቆሞ። ይህን ውሸት የሚል ካለ አገሩን አያውቅም፤ ለሰው ዓይን የሚታጠር አጥር ነው እንጂ። ለገበሬ ደግ አጥር ነው። ለነጋዴስ? እሱን እኔን ጠይቁኝ።

ያን ጊዜ ወረታ እንደ ዛሬው አልነበረችም። የጎንደር መንገድ ገና እየተሠራ፣ አንድ መኪና በመጣ ቁጥር ገበያተኛው ንግዱን ትቶ ሊያይ የሚሮጥበት ዘመን ነበር። አንድ ቅዳሜ ስለ እርሻ ሊያስተምር የተላከ ሰው ገበያው መሀል ድንጋይ ላይ ወጣና አዲስ ወሬ አሰማን። መንገዱ ሲያልቅ በደብረ ታቦር መገንጠያ ዙሪያ ቤት በቤት ላይ ይሆናል፤ ለቤት እንጨት ያስፈልጋል፤ ሜዳችሁ ደግሞ እንደምታዩት መላጣ ነው፤ ስለዚህ ከእንግዲህ የሚያልፍለት የባሕር ዛፍ ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ሰው ነው አለ። ገበያው ሳቀ። ራሱ ከአፈር የሚበቅል ዛፍ ማን ይገዛል? እኔ ግን አልሳቅሁም። የቄስ ትምህርት ዳዊት ደግሜ ያቋረጥሁ ሰው ነኝና፣ አዲስ ነገር በሰማሁ ቁጥር ለእኔ ብቻ የተላከ ይመስለኛል።

ችግሩ ቦታ ነበር። ክረምት ሲገባ ፎገራ ባሕር ነው፤ ያፈሉትን ሁሉ ጎርፍ ጠራርጎ ጣና ያደርሰዋል። ከጓሯችን ውሃ የማይተኛባት ከፍ ያለች ቦታ አንዲት ብቻ ስትሆን፣ እሷም የባለቤቴ የውባለም ጌሾ የቆመባት ናት። የውባለም ጌሾ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ የሰፈሩ የማኅበር ጠላ የሚጠነሰስበት ነው። ጌሾው ተነቅሎ ችግኝ እንዳፈላበት ለምኜ ለምኜ እሺ ያለችኝ በአንድ ውል ነው። ፍልሰታ ሲፈታ ችግኙ ተሽጦ ቦታዋ ካልተመለሰላት፣ የቀረውን በገዛ እጄ ነቅዬ ምድጃ ውስጥ እማግዳለሁ፤ ዳግመኛም በዚያ ቤት «አንድ ሐሳብ መጣልኝ» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ማልሁላት።

የባሕር ዛፍ ዘር ሱረት ነው የሚመስል፤ አጠገቡ ካነጠሱ የለም። አሸዋ ከርብ ወንዝ በአህያ አመጣሁ፤ ከፍግ ጋር ለውሼ መደብ አበጀሁ፤ ጧት ማታ በእፍኜ ውሃ ረጨሁ። አንድ ማለዳ መደቡ ላይ እንደ ሽበት ሳሳ ብሎ አረንጓዴ ነገር ወጥቶ አየሁ። ደስታዬን ምን ልበላችሁ! የበኩር ልጄ ሲወለድ እንኳ እንዲያ አልዘለልሁም፤ ይህን ለውባለም እንዳትነግሩብኝ። ሰኔ ላይ ከስንዝር አለፈ። ያን ጊዜ ፍርሃት ያዘን። እንዲህ ያለ ነገር ሰው አይቶት ይተርፋል? ውባለም ዙሪያውን በሸንበቆ አጠረች፤ እኔ ከላይ ዳስ ጣልሁበት፤ በሩ ላይም የተሰበረ እንስራ ሰቀልን። የሚሸጠውን ዕቃ ገዢ እንዳያይበት ሌት ተቀን የሚጠብቅ ነጋዴ በዓለም ላይ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ገዢ አያ ካሴ ነበሩ። አያ ካሴ ጎረቤታችን ናቸው፤ መገንጠያው አጠገብ ቤት ሊሠሩ፣ ቀሪ መሬታቸውን ደግሞ ዛፍ ሊያለብሱ አስበዋል። ሐምሌ በባተ ሰሞን በደጄ ሲያልፉ ቆም ብለው ያ ችግኝህ እንዴት ሆነ አሉኝ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰውየው ሊገዙ ነው የመጡት። ልቤ «ይግቡ፣ ይዩት» ይላል። አፌ ግን አባቶቼ ያወረሱኝ አፍ ነው፤ «ኧረ ምን ችግኝ አለና አያ ካሴ! ምስጥ ፈጀው» አለ። «በሞላ?» አሉኝ። «በሞላ» አልሁ። ከንፈራቸውን መጠው ሄዱ። አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የተባለው ለካ ለእኔ ነው! ቅዳሜ ገበያ ወርጄም የጠየቀኝን ሁሉ ምስጥ ፈጀው፣ ምስጥ ፈጀው ስል ውዬ ገባሁ። ውባለም ፍልሰታ መቅረቡን በየማለዳው ታስታውሰኛለች። እኔም ችግኞቼን እየዳበስሁ፣ ምድጃችንን ማየት ጠላሁ።

በእኛ አገር በሬ የሞተበት ሰው ዝም አይባልም። ጎረቤት ሥጋውን በቅርጫ ተካፍሎ ሌላ በሬ ይገዛለታል። ለሞተ ችግኝስ ምን ይደረጋል? ቅርጫ አይሆን። ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ ከፊት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከኋላ ሆኖ ወደ ቤቴ መጣ። ሁሉም በየእጁ ችግኝ ይዟል! አያ ካሴ ጣራ ገዳም ድረስ በእግራቸው ሄደው ከዘመድ ጓሮ ባሕር ዛፍ ለምነው አምጥተዋል። ሴቶቹ ጌሾ ይዘዋል። «እግዜር ይተካልህ» እያሉ እግሬ ሥር ደረደሩት። ልሸጥላቸው ያሰብኋቸው ሰዎች ችግኝ አዋጡልኝ! እንባዬ መጣ። ደግነታቸው ከልብ ነካኝ፤ ምድጃ ውስጥ የምማግደው መጨመሩም አልጠፋኝም።

በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። አያ ካሴ ግን አጽናንቶ እጅን አጣምሮ መሄድማ ምን ይባላል፣ አሁኑኑ እንትከልለት ብለው ወደ ጓሮ ተነሡ። ውባለም ዘልላ የጓሮው በር ላይ ቆመችና «በሰንበት አፈር ልትነኩ?» ብላ ጮኸች። እንዲህ ያለ መንፈሳዊ ቁጣ አይቼባት አላውቅም። ሰው ሁሉ አፈረ። ዳንሁ አልሁ። ቄስ ሞገስ ግን፣ እውነቷን ነው፣ አንተክልም፤ ምስጡ እንዲጠፋላችሁ ግን መሬቱን ልባርክ አሉና መስቀላቸውን አወጡ። ቄስን ማን ይከለክላል? በሩን ገፋ አደረጉት።

ዳሱ ሥር ባሕር ዛፉ ክንድ አክሎ፣ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ወዙ እያበራ ቆሟል። ቄስ ሞገስ መስቀሉን እንዳነሡ ቀስ ብለው ዞሩና «ልጄ፣ ምስጡ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። መጀመሪያ የሳቀች ውባለም ናት። ከዚያ አያ ካሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ከዚያ ሁሉም። የተቆጣኝ አልነበረም። ማን ይቆጣኛል? አያ ካሴ ራሳቸው ዳጉሳዬ አለቀ ባሉ በሳምንቱ ለልጃቸው ሠርግ ጋን በጋን ጠላ የጠመቁ ሰው ናቸው። እንዲያውም ነገሩን ከእኔ ይልቅ እነሱ ተረዱት። ደኅና ቢሆን «ትንሽ ተጎድቷል» ይለን ነበር፤ በሞላ ሞተ ካለማ ምን ያለ ግሩም ችግኝ ቢሆን ነው ተባባሉ። ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። ሰኞ ገና ሳይነጋ ሊገዙ ደጄ ላይ ተጋፉ። ፍልሰታ ሲፈታ ቦታዋ ባዶ ሆነች፤ ውባለምም የተዋጣልንን ጌሾ፣ ከቀድሞው የሚበልጠውን፣ ተከለችባት። እኔም በቤቴ ሐሳብ የማምጣት መብቴ ተጠበቀልኝ።

በዓመቱ ታዲያ የሠለጠነ ነጋዴ ልሁን አልሁ። ራቅ ካለው ከአማቴ መሬት ላይ ከፍ ያለ ቦታ ለምኜ አፈላሁ። አጥር አላጠርሁም፤ እንስራም አልሰቀልሁም። ችግኙ ሲደርስ ገበያው መሀል ድንጋዩ ላይ ወጥቼ በሙሉ ድምፄ፣ ችግኝ አለኝ፣ ያማረ ነው፣ አንድም አልሞተብኝም፣ ኑና እዩት ብዬ ጮኽሁ። ገበያው ዞሮ አየኝ። አንዳንዱ ከንፈሩን መጠጠ። የመጣ ገዢ ግን የለም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጄ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብወጣ ቄስ ሞገስ ከነጎረቤቱ ቆመዋል፤ በየእጃቸው ችግኝ ይዘዋል። አያ ካሴ ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው «አይዞህ ልጄ» አሉኝ፤ «ዘንድሮስ ምስጡ የእውነት እንደ ፈጀው ገብቶናል።»