ሲጨልም ይበራል

(ሳሎን። ጠረጴዛው ላይ የማያያዣ ሽቧቸው የዛገ የልዕለ ጀግና የሥዕል መጽሔቶች ተደርድረዋል። ሰፈሩ «ሊቁ» የሚለው ሰውዬ በየሳምንቱ አንዱን እትም እንደገና እያነበበ በሬዲዮ ያብጠለጥላል። ዛሬ ጣቢያው ቋሚ ሰዓት ይሰጠው እንደሆነ ሊነግረው ነው፤ አፉ መጽሔቱ ላይ፣ ልቡ ስልኩ ላይ ነው። አማቹ፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ሶፋው ላይ ተጋድሟል።)

ሊቁ፦ አይበርም አልኩህ! አንዴም አልበረረም!

አማቹ፦ ማነው ጋሼ?

ሊቁ፦ ጀግናው ነዋ! እስካሁን ስለ ማን የማወራ መሰለህ?

አማቹ፦ ስለ እኔ። ደግሞ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነበር።

ሊቁ፦ ስማ። ሽፋኑ ሁሉ «ሲጨልም ይበራል» ይላል። እሺ፣ ይብረራ! አንደኛው እትም ላይ ግን ካባውን ለብሶ ደረጃ ይወጣል።

አማቹ፦ ሊመረቅ ነው?

ሊቁ፦ ሌባ ሊይዝ! የሚበር ሰው ደረጃ ምን ያደርግለታል? ሁለተኛው ላይ አውቶቡስ ይጠብቃል። ሦስተኛው ላይ ሌባው ጣሪያ ሲወጣበት ጎረቤት ሄዶ መሰላል ይለምናል። መሰላል!

አማቹ፦ ሰጡት?

ሊቁ፦ (ጥርሱን ነክሶ) ሰጡት።

አማቹ፦ ደግ ጎረቤት ነው።

ሊቁ፦ ከአንተ ጋር ከማውራት ከግድግዳ ጋር መማከር ይሻላል! አራተኛው ላይ ወንበዴዎቹ በውድቅት ሌሊት ጥቁር መነጽር ገድግደዋል። ሠዓሊ ተብዬው ቀንና ሌሊት አይለይም! ቀጥሎ ደግሞ ጀግናውን ሊያሸንፉት ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ብርድ ልብስ ጣሉበት!

አማቹ፦ እንዳይበርደው ይሆናል።

ሊቁ፦ ጠላቶቹ ናቸው እኮ!

አማቹ፦ ጠላትም አንዳንዴ ይራራል።

ሊቁ፦ ይሄን በጀግናው ዙሪያ የፈሰሰ ቢጫ ቀለም ደግሞ እይልኝ። በእያንዳንዱ ገጽ! ማተሚያ ቤቱ ሲያዝረከርክ አንድ የሚቆጣ ሰው ጠፋ። ዛሬ ድራሻቸውን ነው የማጠፋው።

አማቹ፦ እስቲ ልየው። (በጣቱ እየተከተለ) ሲ... ጨልም... ይበ... ራል። አሃ! እንደ አምፖል!

ሊቁ፦ የምን አምፖል?

አማቹ፦ ይበራላ! ቢጫው ብርሃኑ ነዋ። ላልቶ ነው የሚነበበው ጋሼ። አንተ ለምን አጠበቅኸው?

(ሊቁ መጽሔቱን ነጠቀው። መነጽሩ ገባው፤ ብርድ ልብሱ ገባው፤ መሰላሉ ሳይቀር ገባው። በሬዲዮ ያዘነበው ስድብ ሁሉ ወደ ራሱ ሲመለስ ጆሮው ጋለ። ስልኩ ጮኸ።)

ሊቁ፦ አንተ አንሳው! ታሟል በላቸው! ድምፁ ተዘግቷል በል!

አማቹ፦ (ስልኩን አንስቶ) አቤት... ታሟል፣ ድምፁ... እ? ቋሚ ሰዓት? (ስልኩን በእጁ ሸፍኖ) ጋሼ፣ ሰጡህ!

ሊቁ፦ (ኮቱን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ) አላልኩህም? እነሱም አላስተዋሉም! ዕውቀት መቼም አይደበቅም። ከዜናው በፊት ነው በኋላ?

አማቹ፦ ከዜናው ጋር አይገናኝም። በቀልዱ ሰዓት ነው።

ሊቁ፦ በምኑ?

አማቹ፦ በቀልዱ። «እያወቀ አላዋቂ መምሰሉን እንደ እሱ ማንም አይችልበትም» እያሉ ነው። እንዴት እንደተለማመደው ጠይቅልን አሉ፤ ምን ልበላቸው?