ጨለማ ቁስ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ድምፅ የተሰጠበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ
ቦታ፦ የቲዎሪ ፊዚክስ ምርምር ክፍል፣ ሰሌዳ ያለበት ክፍል (ወንበር ያለው ሌላኛው ነው)

የተገኙ፦
ሰብሳቢ፦ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ
አባል፦ የጨለማ ቁስ ተመራማሪው፣ በሁላችንም አጠራር ጋሼ
አባል፦ የብርሃን ተመራማሪዋ፣ የጋሼ ልጅ
አባል፦ የጽንፈ ዓለም አጀማመር ተመራማሪው፣ በቅጽል ስማቸው «ፍንዳታው»
ጸሐፊ፦ እኔ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ያለድምፅ የተመረጥኩ

ያልተገኙ፦ ምክትል ኃላፊው። ከተሾሙ ጀምሮ ያያቸው የለም። ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል ወይ የሚል ጥያቄ ሲነሣ ጋሼ «ሰውዬው ባይኖሩ ኖሮ ይህ ሁሉ ሥራ አንድ ቦታ ላይ እንዴት ይከመር ነበር?» በማለት አስረድተዋል። ምክትሉ በስበታቸው እንደተገኙ ተቆጥሮ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ስብሰባው አጀማመር

ፍንዳታው፣ ሰብሳቢዋ «እንጀምር» ከማለታቸው በፊት የተባለው በቃለ ጉባኤው ይግባ አይግባ ሲሉ ጠይቀዋል። የማንኛውም ነገር ዕጣ የሚወሰነው በመጀመሪያዋ ቅጽበት ስለሆነ፣ እሷ ካመለጠች የቀረው ዝም ብሎ መስፋትና መቀዝቀዝ ብቻ መሆኑን አብራርተዋል። ሰብሳቢዋ ከ«እንጀምር» በፊት ጊዜም አልነበረም ሲሉ መልሰዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ስብሰባው መጀመሩ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

አጀንዳ ሁለት፦ ጨለማ ቁስ ስለመኖሩ

የበላይ መሥሪያ ቤቱ «አለ ወይስ የለም? ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሩን፤ ከሌለ ፍለጋው ይዘጋል» ብሎ በስልክ እንደጠየቀ ሰብሳቢዋ ገልጸዋል።

ጋሼ፣ ጨለማ ቁስ ራሱ የማይታይ፣ ጋላክሲዎች እንዳይበታተኑ ግን በስበቱ አጥብቆ የያዘ ነገር መሆኑን አስታውሰዋል። ከጋላክሲያችን መሐል የሚመጣው ትርፍ ብርሃንም የጨለማ ቁስ ቅንጣቶች ተጋጭተው ሲጠፋፉ የሚወጣ ነው ብለዋል። ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ሐሳብ ነው። ማስረጃ ሲጠየቁ «ብርሃኑ ነዋ!» ብለዋል።

በዚህ ጊዜ የብርሃን ተመራማሪዋ እጃቸውን አውጥተዋል። ሰብሳቢዋ ሲፈቅዱላቸው እጃቸውን አውርደዋል። ፍንዳታው ይህ ድምፀ ተአቅቦ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ ተመራማሪዋ እንደገና አውጥተው ተናግረዋል።

«አባዬ፣ ብርሃኑ የጨለማ ቁስ አይደለም። ከሞቱ በኋላም እየተሽከረከሩ የሚያበሩ ኮከቦች ናቸው። አስልቼዋለሁ።»

ሰብሳቢዋ በስብሰባ ላይ «አባዬ» እንደማይባል አሳስበዋል። ተመራማሪዋም አስተካክለው «የተከበሩ የጨለማ ቁስ ተመራማሪ፣ ብርሃኑ የእርስዎ አይደለም» ብለዋል። ይኸኛው የባሰ ስለከፋ ሰብሳቢዋ የመጀመሪያው አጠራር እንዲመለስ ፈቅደዋል።

ጋሼ መቼ እንዳወቁ ጠይቀው «ከርሜበታለሁ» የሚል መልስ አግኝተዋል።

«ታዲያ በየቀኑ አንድ ገበታ ላይ እየቀረብን አንድ ቃል አትነግሪኝም?»

«በምን አፌ ልንገርህ?»

ጋሼ ስሌቱ ሰሌዳው ላይ እንዲሠራ ጠይቀዋል። ተመራማሪዋ ሠርተዋል። ጋሼ «ይቺ ሁለት ከየት መጣች?» ሲሉ ኮከቡ ከሁለቱም ጫፍ ስለሚያበራ ነው ተብለዋል። ከዚያ የተናገረ የለም። ዝምታ በምን ዓይነት እንደሚመዘገብ ደንቡ ስለማይገልጽ ጸሐፊው «ረጅም ውይይት» ብሎ መዝግቦታል።

ጋሼ በመጨረሻ «ልክ ነው» ብለዋል። ተመራማሪዋ አልቅሰዋል። ጋሼ የሰሌዳ መጥረጊያውን ጨርቅ ስላቀበሏቸው የፊታቸው ግማሽ ነጭ ሆኗል።

ሰብሳቢዋ ስልኩ ሳይደወል ድምፅ እንዲሰጥ አዘዋል። ጨለማ ቁስ የለም በሚለው ላይ ሰብሳቢዋና ፍንዳታው ደግፈዋል። ጋሼም ቀና ሳይሉ እጃቸውን አውጥተዋል። የተቃወሙት ልጃቸው ብቻ ናቸው። በመሆኑም ጨለማ ቁስ ከዛሬ ጀምሮ እንደሌለ ተወስኗል። ጋላክሲዎች ተለዋጭ መመሪያ እስኪሰጥ ባሉበት እንዲቆዩ ፍንዳታው ያቀረቡት ሐሳብም ጸድቋል።

ጋሼ ካፖርታቸውን አንሥተው አንድ እጃቸውን አስገብተዋል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«የትም አትሄድም! ብርሃኑ የጨለማ ቁስ አይደለም አልኩ እንጂ ጨለማ ቁስ የለም አልኩ? ጋላክሲውን የያዘው ታዲያ ማነው? እኔ ነኝ?»

«ተይኝ ልጄ፣ ሽማግሌ ማጽናናት ነው የያዝሽው።»

«ላጽናናህ ብፈልግማ ዛሬም አፌን እይዝ ነበር!»

ጋሼ የካፖርቱን ሁለተኛ እጅጌ እየፈለጉ ቆመው ቀርተዋል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «ቅንጣቶቹ ብርሃን ካልሰጡ ተጋጭተው አይጠፋፉም ማለት ነው» ብለዋል። «ዕድሜዬን ሙሉ ያጋጨኋቸው በሰላም የሚኖሩትን ኖሯል!» ጠመኔም ጠይቀዋል።

ስልኩ ጮኋል። ሰብሳቢዋ አንሥተው፣ ሰሌዳውን ጥቂት ካዩ በኋላ፣ ጨለማ ቁስን አሁን ማግኘት እንደማይቻል፣ ስብሰባ ላይ እንደሆነ ነግረው ዘግተዋል። ምን እንደሚከተል ሲጠየቁም «የመጣው ይምጣ» ብለዋል።

ውሳኔ፦ ጋሼ የሰጡትን ድምፅ በመሳባቸው፣ ሰብሳቢዋም በመከተላቸው፣ ፍንዳታውም ብቻዬን አልቀርም በማለታቸው፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ፣ የስብሰባው መጀመርም ጭምር፣ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተበትኗል። ጋሼ ይህ ሲነገራቸው ግማሽ ካፖርት እንደለበሱ «እሺ፣ እሺ» እያሉ መጻፋቸውን ቀጥለዋል። ልጃቸው ከጎናቸው ቆመው «አባዬ፣ እዚያ ጋ ተሳስተሃል» ሲሉ፣ ጋሼም «የታል? የታል?» ሲሉ ተሰምተዋል። ይህ የተባለው ከስብሰባው በኋላ ስለሆነ በቃለ ጉባኤው አልተካተተም።