ክቡር የሬዲዮ ሚኒስትራችን

ሦስት ሐበሻ በሰፈረበት ከተማ ሁሉ፣ ሳይሾም የሕዝብ ጉዳይ የሚይዝ አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛው ጋሽ ስለሺ ናቸው። ስዊዘርላንድ፣ ዙሪክ አጠገብ ባለችው ዋሊሰለን የገበያ ማዕከል ውስጥ ጫማ ይሸጣሉ፤ ከዚያ የተረፈውን ዕድሜያቸውን ለሬዲዮ ሰጥተዋል።

ዙሪክ ያለ አንድ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ለአማርኛ የእሑድ ሰዓት የፈቀደው ጭቅጭቃቸው ሰልችቶት ነው። ያ አልበቃቸውም፤ እዚህም የአማርኛ ሰዓት ይከፈት ብለው፣ ባቡር ተሳፍረው እኔ ወዳለሁበት ጄኔቭ መጡ። ዛሬ ሁሉም በስልኩ ይሰማል ብላቸው ተቆጡኝ። በዲፕሎማት ቤት ከሚሠሩት እህቶቻችን መካከል በሥራ ሰዓት ስልክ የሚከለከሉ አሉ። «የወጥ ቤቱን ሬዲዮ ግን ማን ይቀማቸዋል?» አሉኝ።

ፕላንፓሌ ሰፈር ወዳለች ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ይዣቸው ሄድኩ። ክቡርነታቸው በጀርመንኛ ሲናገሩ ኃላፊዋ በፈረንሳይኛ ትመልሳለች፤ እኔ መሀል ሆኜ የሁለቱንም ቁጣ እያለዘብኩ እተረጉማለሁ። ሴትዮዋ የምሳ ሰዓቷ ሲያልፍባት የግማሽ ሰዓት የአየር ጊዜ ሰጠችን። ጋሽ ስለሺ ቸርች በር ላይ ቆመው ጣቢያው ሬዲዮ ላይ የት እንደሚገኝ ለወጣው ሁሉ ነገሩ፤ «ለማትመጣዋም ንገሩልኝ» እያሉ።

የመጀመሪያው ስርጭት ሰላምታ ብቻ ሆኖ ሊቀር ነበር። እናቶችን፣ አባቶችን፣ ፓስተሮችን፣ የታመሙትን፣ ሊታመሙ ያሰቡትን ሳይቀር ጤና ይስጥልኝ አሉ። እንዲያሳጥሩ በምልክት ለመንኳቸው፤ አላዩኝም። ሊያበቃ ሲል ቁም ነገሩ ላይ ደረሱ፦ የሠራተኛ ፓስፖርት በራሷ እጅ መሆን አለበት፤ ችግር ያለባት በነፃ ወደሚያማክሩ ሰዎች ትደውል። ስልክ ቁጥሩን እየደጋገሙ ሳለ ቴክኒሻኑ ዘጋባቸው። ተናድጄ ወጣሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አንዲት ሴት ጣቢያው ድረስ መጣች። አገሪቱ ትባላለች፤ ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ፣ አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራለች። ደውላ፣ አማካሪዎቹ ገብተውበት፣ ተይዞባት የነበረው ፓስፖርት ተመልሶላታል።

«ሰላምታው ሲጀመር እጄ ሊጥ በሊጥ ነበር» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ ታጥቤ እስክሪብቶ እስካገኝ ጠበቁኝ።»

ጋሽ ስለሺ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ድምፁ ይቆራረጥባት እንደሆነ ጠየቋት።

አሁን ደግሞ ስርጭቱ ሎዛን ከተማ አይሰማም ብለው ተነሥተዋል። ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ለባለቤቴ ለትርጉም ነው አልኳት፤ እውነቱን ብናገር ግን እሳቸው የሌሉበት ቅዳሜ አልገፋልህ ብሎኛል።