የኮሚቴው ፈረስ

ቆሰበር ላይ ፈረስ ያልተሳለበት ግድግዳ ካያችሁ አትገረሙ፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ሆቴሉ ፈረስ አለው። ፀጉር ቤቱ ጋማው የተበጠረ ፈረስ አለው። ሥጋ ቤቱም ፈረስ አለው፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም፣ ብቻ እዚያ ሥጋ አልገዛም። እንጅባራ በሉት ቆሰበር፣ ከተማውን እንደ ዕድሜያችሁ ጥሩት። ፈረሱ ግን የትም አንድ ነው። አንገቱን ቀልብሶ፣ አንድ እግሩን አንስቶ፣ ፎቶ አንሺ እንደሚጠብቅ ሙሽራ ቆሟል።

እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ። ይህን የምላችሁ ለትምክህት አይደለም፤ ፈረስን በምን ዓይን እንደማይ እንድታውቁልኝ ነው። ዳንግላ ፈረስ ሠራተኛ ነው። ማለዳ ተነስቶ ጋሪ ይጎትታል። ጤፍ ይጭናል፣ ነፍሰ ጡር ይጭናል፣ ሰካራም ይጭናል። ግርማ ሞገስህ ብሎ ያመሰገነው ሰው አላየሁም። ቆሰበር ስመጣ ታዲያ ይኸው ፈረስ ባለሥልጣን ሆኖ ጠበቀኝ። ጌጡን አጥልቆ ሲያልፍ ሰው መንገድ ይለቅለታል። ፍረዱኝ እስቲ፤ የሠፈራችሁን ተሸካሚ ሌላ ከተማ ሄዳችሁ ጌታ ሆኖ ብታገኙት ምን ይሰማችኋል? እኔም የተሰማኝ እሱ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሥዕል መምህር ነኝ። የሥዕል መምህር ማለት የሒሳቡ መምህር ሲታመም፣ የፊዚክሱ ሲያገባ፣ የታሪኩ ለቅሶ ሲሄድ ክፍል እንዲጠብቅ የሚጠራ ሰው ማለት ነው። ያም ሆኖ አንዲት ክፍል ነበረችን። ከግቢው ጥግ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ፣ ክረምት ሲገባ ከውጭው እኩል የሚዘንብባት ክፍል። የሥዕል ክበቡ ልጆች እዚያ ይሰበሰባሉ። ቀለም ሲያልቅ በከሰል ይስላሉ። ከሰል እንደሆነ ሞልቶናል፤ ይህን ሁሉ ዲከረንስ የሚሉትን የከሰል ዛፍ ተክለን ከሰል ብንሰስት እግዜርም ይታዘበናል። ፍሬሙን ከቀርቀሃ ይሠሩታል።

ከልጆቹ መካከል መሠረት የምትባል አለች። ቤተሰቦቿ ገጠር ናቸው፤ እሷ ከጓደኞቿ ጋር ከተማ ላይ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። አንድ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ያችን ክፍል አይቻታለሁ። አራት ልጆች፣ አንድ አልጋ፣ የድንች ጆንያ፣ ምድጃ። ወረቀት መዘርጋት ይቅርና እግር መዘርጋት አይቻልም። ስለዚህ የኛ የምታፈስ ክፍል ለሌሎቹ የክበብ ቤት ናት፤ ለመሠረት ግን በምድር ላይ የምትስልበት ብቸኛ ቦታዋ ናት። ስትስል ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ እቀናለሁ። መምህሯ እኔ ነኝ፤ የምትበልጠው እሷ ናት።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ምንይችል ደግ ሰው ናቸው። ችግራቸው ከሁሉም ጋር መስማማታቸው ነው። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ የተሰበረ ዴስክ ማስቀመጫ አጣሁ፣ የሥዕሉ ክፍል ይሰጠኝ አላቸው፤ ተስማሙ። እኔ ሮጬ ሄጄ ክፍሉ የኛ ነው አልኳቸው፤ ተስማሙ። በመጨረሻ ሁለታችንንም የሚያስማማ ሐሳብ አመጡ። ልጆቹ ኤግዚቢሽን ያሳዩ። ሰው ከመጣ ክፍሉ ይቆይላቸዋል። ሰው ካልመጣ ለዴስኩ ይሰጣል። ሕዝብ ይፍረድ አሉ።

ሰው እንዲመጣ ሰው መስማት አለበት። መሠረት ፖስተር ሠራች። ነጭ ወረቀት ላይ፣ ቀለም የነካካው አንድ እጅ፤ የራሷን ግራ እጅ እያየች የሳለችው። ከሥሩ የተማሪዎች የሥዕል ኤግዚቢሽን ይላል፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ኑና እዩ። አለቀ። እጁ ከወረቀቱ ወጥቶ የሚጠራችሁ ይመስል ነበር። በደስታ ይዤ ለአቶ ምንይችል አሳየኋቸው። ተስማሙ። ከተስማሙ በኋላ ግን ይህን የመሰለ ትልቅ ጉዳይ በአንድ ልጅ እጅ እንደማይሠራ፣ በጋራ መሠራት እንዳለበት ነገሩኝ። ኮሚቴ ተቋቋመ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ልክ ነው። ሃምሳ ሰው አንዲት ሎሚ ሲጨምቅስ? ስለዚህኛው አባቶቻችን ያሉት ነገር የለም፤ ኮሚቴ አላዩም። አንድ የዳንግላ ዘመዴ ልጁን ሲድር የጥሪውን ካርድ በጋራ እናዘጋጅ ብሎ ቤተሰቡን ሰበሰበ። የአጎቶች ስም ገባ። አጎት ካለ አክስት ልትቀር ነው? ገባች። የክርስትና አባት ገባ፣ የንስሐ አባት ገባ፣ ድንኳን ያዋሰው ሰው ሳይቀር ገባ። ካርዱ ታትሞ ሲመጣ የሙሽራው ስም የለም። እንግዳው መጥቶ ሚዜውን እንኳን ደስ አለህ እያለ በልቶ ሄደ።

የኛም እንደዚያው ሆነ። የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ። መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ ዓርማ መጣ፤ ተገቢ ነው። የወረዳው ተከተለ። የወረዳው ካለ የዞኑ ምን በደለ? ገባ። የጤና ክበብ ተጠሪዋ እጅ ከተሳለ አይቀር መታጠብን ያስተምር ብላ ሳሙና አስጨመረች። የስፖርት መምህሩ ኳስ አስገባ። ለምን ስለው ኳስም ጥበብ ነው አለኝ። ሲጫወት ስላየሁት አልተስማማሁም፤ አቶ ምንይችል ግን ተስማሙ። ጽሑፉ በአማርኛም በአዊኛም ይሁን ተባለ፤ ይህን እኔም ደግፌያለሁ። ኤግዚቢሽንን ወደ አዊኛ እንዲመልሱ የተጠሩት ሁለት ሽማግሌዎች ግን አልተግባቡም። የሁለቱም እንዲገባ ተወሰነ።

በስልክ ያላለቀው በስብሰባ ይለቅ ተብለን ተሰበሰብን። የወላጆች ተወካዩ ጋሽ ፈንቴም መጡ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ልጆቻቸውን አስተምረው ከጨረሱ ቆይተዋል፤ ውክልናውን ግን አልጨረሱም። ከሁሉ በላይ ፈረሰኛ ናቸው። በስብሰባው መጨረሻ ስልኩን ከዓይናቸው አርቀው ፖስተሩን አዩ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

“ፈረሱስ?”

ወጥ ሠርታ ጨው የረሳች ሙሽራ ፊት አይታችኋል? ኮሚቴው ሁሉ እንደዚያ ሆነ። እኔ ለመከራከር ሞከርኩ። ኤግዚቢሽኑ ላይ አንድም የፈረስ ሥዕል እንደሌለ፣ ልጆቹ ግድግዳ ላይ እያዩት ያደጉትን መሳል እንደሰለቻቸው አስረዳሁ። ጋሽ ፈንቴ አልተቆጡም። “መምህር፣ ፈረስ ከሌለበት ሰው በምን ይመጣል?” ብቻ አሉኝ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸው የቦራን ፎቶ ላከች። ቦራ ፈረሳቸው ነው። በበዓል ቀን፣ ከነሙሉ ጌጡ፣ አንድ እግሩን አንስቶ።

የከተማችን ማተሚያ ተበላሽቶ ስለነበር ባነሩን ዳንግላ እንዳሳትም ተላክሁ። ከመናኸሪያው በጋሪ ስሄድ የሚጎትተንን ፈረስ ከኋላው እያየሁ አዘንኩለት። ዘመዱ ባነር ላይ ሊወጣ ነው፤ እሱ ወሬውንም አልሰማ። አታሚው ፋይሉን ከፍቶ አየና ይህ ሁሉ አይገባም፣ ምኑን ላውጣው አለኝ። ለአቶ ምንይችል ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰማሁት “ሁሉም አስፈላጊ… አንዱም እንዳይነሳ…” የሚለውን ነው። አታሚው ተንፍሶ በሙያው ደንብ ሠራው። ጥራት ያለው ፎቶ የቦራ ብቻ ስለነበር ቦራን አገዘፈው። ሰው ቀንና ቦታ ማወቅ አለበት ብሎ ቀኑንና ቦታውን አደመቀው። የቀረውን፣ ዓርማውን፣ ሳሙናውን፣ ኳሱን፣ የሁለቱን ሽማግሌዎች ቃል፣ የመሠረትን እጅ፣ ከግርጌው እንደ ዶሮ ቅንቅን አርከፈከፈው። የሥዕል ኤግዚቢሽን የሚለውም እዚያው ውስጥ ነበረ፤ አጥብቆ ለፈለገ። ለምን ዝም አልክ አትበሉኝ። ባነሩ በነጋታው ካልተሰቀለ ቀኑ ያልፍብናል።

አስፋልቱን አሻግረን ሰቀልነው። መሠረት መጥታ አየችው። ቦርሳዋን አስተካክላ ሄደች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በዚህ ላይ ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ ለቅስቀሳ ተይዞ ነበር። ሾፌሩ የሰጠነውን ጽሑፍ አንዴ አነበበው፣ ሰለቸው። ከዚያ ባነሩን ቀና ብሎ አየና ከራሱ ይናገር ጀመር። በጥሊሊ መንገድ ሁሉ “እንዳትቀሩ፣ ጌጣችሁንም እንዳትረሱ” እያለ መዞሩን የሰማሁት ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ረፋዱ ላይ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ልጆቹና የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ነን። እሱም አንድ የተሰበረ ዴስክ ይዞ መጥቷል፤ ለልክ ነው አለ። በሩ ላይ አስቀምጦ ተቀመጠበት። መሠረት ወለሉን ጠርጋ ስታበቃ መልሳ ትጠርገዋለች።

ከዚያ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በአስፋልቱ በኩል፣ በመስኩ በኩል፣ ፈረሰኛ በፈረሰኛ ላይ ወደ ግቢው ገባ። ጌጡ ያብረቀርቃል፣ ቃጭሉ ይንጫጫል። ጋሽ ፈንቴ በቦራ ላይ ሆነው ከፊት ናቸው። ሜዳውን ሞልተው ቆሙ። አንድ ትልቅ ሰው ከኮርቻቸው ጎንበስ ብለው ጉግሱ የቱ ጋ ነው አሉኝ። ጉግስ የለም አባቴ፣ ሥዕል ነው ያለው አልኳቸው። ሥዕሉንማ አይተነዋል፣ አስፋልቱ ላይ ተሰቅሏል፣ እሱን አይተን አይደል የመጣነው አሉኝ።

ይህን ያህል መንገድ መጥቶ እንዲያው የሚመለስ ማን አለ? ወረዱ። ልጓሙን እያቀባበሉ በየተራ ገቡ። መሠረት የወፍጮ ቤት ወረፋ ስላ ነበር፤ ሴቶቹ ዱቄት ለብሰው፣ ገሚሶቹ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው። አንዱ ፈረሰኛ ሥዕሉ ፊት ቆሞ ቀረ። ከወረፋተኞቹ መካከል ሚስቱን አገኛት። ለካ አንድ ቀን ከወፍጮ አምሽታ ስትገባ ወረፋው በዝቶ ነው ብትለው አላመናትም። አሁን የሰዉን ብዛት በጣቱ እየነካ ቆጠረ፣ ጓደኞቹን ጠራና ለካ እውነቷን ነው ብሎ መሰከረላት። ሥዕል ስንት ጥቅም እንዳለው ኮሌጅ ተምሬያለሁ። ባልና ሚስት እንደሚያስታርቅ የነገረኝ የለም።

ሌላው ልጃችን ከስንዴ አገዳ የሠራትን ጎጆ መስኮቱ ሥር ሰቅሏት ነበር። አንድ ዳማ ፈረስ አንገቱን አስገብቶ ከጣሪያው ጀመረና በላት። ላጽናናው ስጠጋ ልጁ ራሱ አጽናናኝ። ሌላው አይቶ ያልፋል መምህር፣ ይኼ ግን እስከ መጨረሻው ጨረሰው አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የቆሰበርን ፈረስ ሁሉ ከነግድግዳው ይቅር ልል ምንም አልቀረኝ።

አቶ ምንይችል ግቢው ሞልቶ ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ማይኩን ተቀበሉ። ሕዝብ ፈርዷል አሉ። መሠረት ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚሰበስብ ጥበብ በዚያች ጠባብ ክፍል መታፈኑ ነውር ነው አሉ። ከእንግዲህ የሥዕል ክበቡ በሜዳ፣ በሰፊው እንዲሠራ ተፈቅዷል፤ ክፍሏም ለዴስክ ትሆናለች። ፈረሰኛው አጨበጨበ። ሜዳ የሚጠላ ፈረሰኛ የት አለ? እንጅባራ ሜዳ ላይ የውሃ ቀለም ይዛችሁ ውጡና ሞክሩት፤ ውሃውን ሰማዩ ይጨምርላችኋል። ሰው ካልመጣ ክፍሉ ይሄዳል ተብለን ነበር። ሰው መጣ፤ ክፍሉ ሄደ።

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ሰው ወጥቶ ሳያልቅ ዴስኩን አስገባ። መሠረት ሥዕሎቿን እያወረደች አለቀሰች፤ እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጋሽ ፈንቴ ባነሩን ለቤታቸው ፈልገውት አስወርደው ኖሮ በራችን ላይ ሣሩ ላይ ዘርግተው ያዩታል። መሠረትን ጠሯት።

“ልጄ፣ ከፈረሴ ኮቴ ሥር ያለችው ምንድን ናት?”

“እጄ ናት፣ ጋሼ።”

“ረገጣት?”

“ረገጣት።”

የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም። ፈረስ ሰው ከረገጠ ባለቤቱ ይክሳል፣ ደንብ ነው አሉ። ምን እንደጎደለባት ጠየቋት። ክፍሉን ነገረቻቸው። ቦራ ቀን ቀን መስክ ነው የሚውለው አሉ፤ ጋጣው ባዶ ነው፤ ጣሪያውን ለሱ ብለው በቅርብ አሳድሰውታል፣ አያፈስም።

አሁን መሠረት ጠዋት ተምራ ከሰዓት እዚያ ትስላለች። ሽታው? አለ እንጂ። ግን ከመጸዳጃ ቤት ጀርባ ወደ ጋጣ መግባት በኛ ሙያ እድገት ነው። አቶ ምንይችል ሲሰሙ ተስማሙ፤ ከማኅበረሰቡ ጋር የተደረገ ትብብር ብለውም ሪፖርት አደረጉት።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይላሉ። እውነት ነው። ሰውን አደረሰልን፤ ለክፍላችን ግን አልተዋጋልንም። እኔም አልተዋጋሁም። ብቻ አንድ ነገር ልመስክርለት፤ ባነሩ ላይ ከነበሩት ሁሉ ለዚያች ልጅ ቦታ የለቀቀላት እሱ ብቻ ነው።